የቀብር መዝገባችን አንድ ይሁን፦ በበርሊን ለሚገኙ ለሁለቱ እድሮቻችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በበርሊን ከተማ ለሚገኙት ለሁለቱም የኢትዮጵያውያን መረዳጃ እድሮች የሥራ አመራር ኮሚቴዎች
ግልባጭ፦ ለሁለቱም እድሮች አባላት በሙሉ፣ ለአባቶች ካህናትና ለሼኾች
ጉዳዩ፦ የቀብር መዝገብና የቀብር ሒሳብ አንድ እንዲሆን ስለመጠየቅ

ክቡራን የኮሚቴ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍሁት ጉዳዩ የሁላችንም ስለሆነ፣ ደግሞም ለአንዱ ኮሚቴ ለብቻው ብጽፍ ሳይመሽ «የእነዚያ ሰው ነው» መባሌ እንደማይቀር ስለማውቅ ነው። ላነሣ የፈለግሁት የቀብር ነገር ነው። ወደዚያ የምደርሰው ግን በዚህችው በርሊን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በዘመሩ በአንድ አይሁዳዊ የምኩራብ ዘማሪ ሕይወት በኩል ስለሆነ፣ «ይህ ደግሞ ከእድር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ወንድም ወይም እኅት ጥቂት እንዲታገሠኝ ከወዲሁ እለምናለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሰውዬው ካንቶር ኤስትሮንጎ ናኻማ ይባላሉ። ካንቶር፣ በዕብራይስጥ ሐዛን፣ በምኩራብ ፊት ቆሞ የጉባኤውን ጸሎት በዜማ የሚያደርስ ሰው ነው። በእኛ ዘንድ ለመሪጌታ ይቀርባል ብል ብዙ የተሳሳትሁ አይመስለኝም። እንደ መሪጌታው ሁሉ ድምፅ ማማሩ ብቻ አይበቃውም፤ የትኛው ጸሎት በየትኛው በዓል በምን ዜማ እንደሚባል ጠንቅቆ ማወቅ አለበት፤ ሰርግም ሲደገስ ሰውም ሲሞት ቀድመው ከሚጠሩት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

ናኻማ በ1918 የተወለዱት ሐዋርያው ጳውሎስ ሁለት መልእክት በጻፈላት በተሰሎንቄ ነው። ከተማዋ በ1492 ከስፔን የተባረሩት አይሁድ ዘሮች በብዛት የሚኖሩባት፣ ላዲኖ የሚባለው የጥንት ስፓኛቸው በገበያውም በወደቡም የሚሰማባት ነበረች። ጀርመኖች ግሪክን ከያዙ በኋላ፣ ከማርች 1943 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ፣ ከ40,000 በላይ የሚሆኑ የተሰሎንቄ አይሁድ በጭነት ባቡር ታጭቀው የናዚዎች የሞት ካምፕ ወደ ነበረው ወደ አውሽቪትስ ተጋዙ፤ አብዛኞቹም እንደ ደረሱ ተገደሉ። ናኻማ ቤተሰባቸውን ያጡት እዚያ ነው። እሳቸው ለጉልበት ሥራ ተለይተው ቀሩ፤ ጠባቂዎቹ ድምፃቸውን ሰምተው ያዘፍኗቸው ስለ ነበር «የአውሽቪትስ ዘፋኝ» የሚል ስም ወጣላቸው። ስለ እሳቸው የሚያወሩ ሰዎች «ድምፃቸው አተረፋቸው» ማለት ይወዳሉ። እኔ አነጋገሩን አልወደውም፤ በእነዚያ ባቡሮች ውስጥ ሌላም ድምፀ መልካም ሰው ነበርና። በመጨረሻ ከበርሊን በስተሰሜን ወዳለው ወደ ዛክሰንሃውዘን ካምፕ ተዛውረው፣ በ1945 ጸደይ እስረኞቹ በእግር ሲነዱ የሶቪየት ጦር ደርሶ ነፃ አወጣቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ዘወትር የሚገርመኝ። ሰውዬው የቀረ ዘመድ ካለ ለመፈለግ ወደ ግሪክ መሄድ ይችሉ ነበር፤ ያሰቡትም እንደዚያ ነበር። ግን የገዳዮቻቸው ዋና ከተማ በነበረችው በርሊን ቀሩ። ከናዚ ዘመን የተረፈች አንዲት በርሊናዊት አይሁዳዊት አገቡ፤ ልጃቸው አንድሬያስ ኋላ ረቢና የታሪክ ተመራማሪ ሆነ። በ1933 ወደ 160,000 ይደርሱ ከነበሩት የበርሊን አይሁድ በሕይወት የተገኙት ጥቂት ሺዎች ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ሻንጣቸውን አስረው የሚወጡበትን ቀን የሚጠብቁ ነበሩ። ናኻማ በ1947 ለዚህ ቅሪት ማኅበር ካንቶር ሆነው ተቀጠሩ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የተሰሎንቄው ዜማና የበርሊኑ ዜማ ይለያያሉ፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን የቤተ ልሔምን ዜማ የተማረ ሰው ሌላው የዜማ ስልት አጫብር በሚቆምበት ደብር ተመድቦ «በል ምራ» ቢባል እንደሚገጥመው ያለ ነገር ነው። በፔስታሎዚ ጎዳና ያለው ምኩራብ ሥርዓቱ የሉዊስ ሌቫንዶቭስኪ ነው። ሌቫንዶቭስኪ በ19ኛው ምዕተ ዓመት በበርሊን የኖረ የምኩራብ ዜማ ደራሲ ሲሆን፣ የጥንቱን የካንቶር ዜማ ይዞ ወንድና ሴት የተቀላቀሉበት መዘምራንና ኦርጋን ጨመረበት። ኦርጋኑን «የፕሮቴስታንት ነገር ነው» ብለው የተቃወሙ አይሁድ ብዙ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ከበሮና ጸናጽል ይዤ ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ የእነሱ ቅሬታ ይገባኛል። ቢሆንም ምኩራቡ በዚያ ዜማ ጸንቶ ቆየ፤ ናኻማም ያን ዜማ ተምረው የራሳቸው አደረጉት፤ ዛሬ ሌቫንዶቭስኪ ሲነሣ አብሮ የሚነሣው የእሳቸው ወፍራም የባሪቶን ድምፅ ነው። ምኩራቡም ራሱ የሚገርም ታሪክ አለው፤ በኖቬምበር 1938 ናዚዎች ምኩራቦችን ሲያቃጥሉ ይኸኛው ከመኖሪያ ሕንፃዎች ጀርባ ግቢ ውስጥ ስለሆነ፣ እሳቱ ወደ ጎረቤት ይዛመታል ተብሎ ጉዳት ደርሶበት ሳይነድ ቀረ።

የናኻማን ድምፅ ከምኩራቡ ቅጥር ያወጣው ሬዲዮ ነው። ሪያስ የሚባለው፣ አሜሪካኖች በያዙት የከተማዋ ክፍል የተቋቋመው ጣቢያ ዓርብ ዓርብ የሰንበትን አቀባበል ጸሎት ያስተላልፍ ጀመር። ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ የአይሁድ ሰንበት ይገባል። ካንቶሩ ናኻማ ነበሩ፤ ተቀባዮቹ ግን የጣቢያው መዘምራን ሲሆኑ አብዛኞቹ አይሁድ አልነበሩም። እስቲ ነገሩን ቆም ብላችሁ አስቡት። ጦርነቱ ካለቀ ገና ጥቂት ዓመት ነው። ከሞት ካምፕ የወጣ ሰው በዕብራይስጥ ይመራል፤ በእድሜያቸው በሌላኛው ወገን የነበሩ ወይም የነዚያ ልጆች የሆኑ ጀርመኖች ቃሉን ፊደል በፊደል አጥንተው ይቀበሉታል። አንድ ዜማ ለመቀበል ደግሞ የመሪውን ትንፋሽ መከታተል ግድ ነው፤ እሱ ሲያሳርፍ አብሮ ማሳረፍ፣ ሲያነሣ አብሮ ማንሣት። ማኅሌት የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መንዙማ የተቀበለም ያውቀዋል። ናኻማ በአብያተ ክርስቲያናት ውስጥም ከክርስቲያን መዘምራን ጋር ሆነው የምኩራብን ዜማ አሰምተዋል። በሃይማኖቶች መካከል ስለሚደረግ ንግግር ብዙ ጉባኤ ተካፍያለሁ፤ ሻይ ጠጥተን፣ ፎቶ ተነሥተን እንለያያለን። አብሮ መተንፈስን የመሰለ ነገር በአንዱም አላየሁም።

ከሁሉ በላይ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ከዜማው ይልቅ ቀብሩ ነው።

የበርሊን አይሁድ ማኅበር በ1953 ለሁለት ተከፈለ። የከፈለው የእምነት ልዩነት አልነበረም፤ የምሥራቅና የምዕራብ ፖለቲካ ነው። ከተማዋ ስትከፈል ከ1880 ጀምሮ የበርሊን አይሁድ የሚቀበሩበት ትልቁ የቫይሰንዜ መካነ መቃብር በምሥራቅ በኩል ቀረ። ከ100,000 በላይ መቃብር ያለበት፣ ሌቫንዶቭስኪ ራሱ የተቀበረበት ቦታ ነው። የምዕራቦቹ አይሁድ ወላጆቻቸው ካረፉበት መቀበር ስለተቸገሩ በ1950ዎቹ አጋማሽ በሄር ጎዳና ሌላ መካነ መቃብር ከፈቱ። ባልየው በቫይሰንዜ፣ ሚስትየዋ በሄር ጎዳና የሚያርፉበት ጊዜ መጣ ማለት ነው። በኦገስት 1961 ምሥራቁንና ምዕራቡን የለየው የበርሊን ግንብ ሲሠራ ደግሞ ነገሩ ፈጽሞ ተቆለፈ፤ የምዕራብ በርሊን ነዋሪ ወደ ምሥራቅ መሻገር አይችልም፤ በ1963 ለገና በዓል የይለፍ ወረቀት መሰጠት እስከ ጀመረበት ድረስ እናቱን ለመጠየቅ እንኳ የሚያልፍ አልነበረም።

ናኻማ ግን ይሻገሩ ነበር። የሚኖሩት በምዕራብ ቢሆንም የግሪክ ዜግነታቸውን አልተዉም ነበርና ለውጭ አገር ሰዎች በተፈቀደው ኬላ ያልፋሉ። እኔ በዚህ አገር ብዙ ዓመት የኖርሁት የውጭ አገር ሰው ፓስፖርት ይዤ ነው፤ በየቢሮው ወረፋ ስጠብቅ ፓስፖርቴን እንደ ጉድለት እያየሁ ኖሬያለሁ። የእሳቸውን ታሪክ ካወቅሁ በኋላ ግን አንዳንዴ ወረፋው ላይ ሆኜ ፈገግ እላለሁ። ናኻማ በዚያ ፓስፖርት እየተሻገሩ በምሥራቅ በርሊን በሪከ ጎዳና ባለው ምኩራብ ዘመሩ፤ በቫይሰንዜም ሙታንን ሸኙ። የምሥራቁ ማኅበር ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ ወደ 200 ሰው ብቻ ቀርቶት ነበር። በአይሁድ ሥርዓት የጋራ ጸሎት ለማድረስ አስር ሰው መሟላት አለበት፤ ሽማግሌዎች ብቻ በቀሩበት ማኅበር አስር ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። ሟቹ የማን ወገን እንደ ነበረ፣ ለየትኛው መንግሥት እንዳጨበጨበ ጠይቆ የሚዘመር የፍትሐት ዜማ የለም። በቀብር ላይ የሚዜመው «ኤል ማሌ ራሐሚም»፣ ማለትም «ምሕረት የተሞላህ አምላክ ሆይ» የሚለው ጸሎት፣ የሟቹን ስም ከነአባቱ ስም ይጠራና ነፍሱ በአምላክ ክንፎች ጥላ ሥር እንድታርፍ ይለምናል፤ ከስሙ በቀር ስለ ሟቹ የሚጠይቀው ነገር የለም።

ባለፈው መኸር ወደ ቫይሰንዜ ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ለወንዶች ራስ መሸፈኛ ይሰጣሉ። ውስጡ ጫካ ነው፤ ሐረግ የወጣባቸው፣ የዛፍ ሥር ያዘነበላቸው ድንጋዮች ረድፍ ረድፍ ይዘው ዓይን እስኪደክም ይቀጥላሉ። በሌላው የበርሊን መካነ መቃብር የመቃብር ቦታ በኪራይ ነው፤ 20 ዓመት ይሆንና ካልታደሰ ለሌላ ይሰጣል። በአይሁድ መቃብር ግን አጥንት አይነሣም፤ ሣር ይብቀልበት፣ ወራሽ አይኑረው፣ ቦታው የሟቹ እንደሆነ ይኖራል። ጎብኚዎች አበባ ሳይሆን ትንንሽ ጠጠር በድንጋዩ ላይ ያኖራሉ። ከመቃብሮቹ በአንዱ፣ ጽሑፉ እንኳ በማይነበብ ድንጋይ ላይ፣ ዝናብ ያላጠበው አንድ ጠጠር ተቀምጦ አየሁ። ከተቀመጠ ሳምንት ያለፈው አይመስለኝም።

አይሁድ ለሙት የሚደረገውን በጎ ሥራ «ሔሴድ ሼል ኤሜት»፣ «እውነተኛ ቸርነት» ይሉታል፤ የሞተ ሰው ብድር አይመልስምና። ይህን ሥራ የሚሠራ «ሔቭራ ካዲሻ»፣ «ቅዱስ ማኅበር» የሚሉት አላቸው። አባላቱ ያለ ደመወዝ በድኑን ያጥባሉ፤ ነጭ፣ ኪስ የሌለው ልብስ ያለብሳሉ፤ ለሀብታሙም ለድኻውም ልብሱ አንድ ነው። ይህን ለአንድ የደሴ ሰው ባስረዳ «እና እድር አይደል እንዴ?» ብሎ ነው የሚያቋርጠኝ። የክርስቲያኑ መግነዝና የሙስሊሙ ከፈንም ነጭ ጨርቅ ናቸው። ቸርነትን «ጸዳቃ» ይሉታል፤ እኛ ጽድቅ ከምንለው፣ ሙስሊም ወገኖቻችን ሰደቃ ከሚሉት ጋር ሥሩ አንድ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

እድራችን በአገር ቤት ፖለቲካ ሳቢያ ለሁለት ሲከፈል የማኅበሩ ጸሐፊ እኔ ነበርሁ። ጥፋቱ የማን እንደ ነበር ዛሬ አልቆፍርም፤ እኔም በስብሰባው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከጮኹት አንዱ ነበርሁ። ሁለቱም ወገን በየፊናው ሄዶ በጀርመን ሕግ እንደ ፌራይን፣ ማለትም እንደ ማኅበር፣ ተመዘገበ፤ ሁለቱም አዲስ መዝገብ ከፈተ። በዚያ ሰሞን አንድ የወሎ ሰው፣ ለአስራ ዘጠኝ ዓመት መዋጮ ያላቋረጡ አረጋዊ፣ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ስማቸውን የማልጠራው ቤተሰባቸው እንዳልጠራ ስለጠየቀኝ ነው። በሁለቱም መዝገብ አልተጻፉም። ሲሞቱ አንደኛው ኮሚቴ «የእነሱ አባል ናቸው» አለ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ አለ። ስልክ እየተደዋወልን፣ የድምፅ መልእክት እየተላላክን አስራ አንድ ቀን አለፈ፤ አስከሬናቸው በሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ ነበር። ቀባሪ ያልመጣለትን ሰው የከተማው አስተዳደር በራሱ ወጪ ያሰናብታል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚያደርገው ማቃጠል ነው። ይህን የሰማን ጥቂት ሰዎች ደንግጠን ገንዘብ አዋጣን፤ በአስራ ሁለተኛው ቀን ቀበርናቸው። አባታቸው ሙስሊም፣ እናታቸው ክርስቲያን፣ እሳቸው በእናታቸው ወገን የተጠመቁ ነበሩ። አንድ ዲያቆን ወንድማችን የሚችለውን ያህል ፍትሐት አደረሰ፤ አንድ የሟች የሥራ ባልደረባ ደግሞ ራቅ ብሎ ቆሞ ዱዓ አደረገ። ማምሻውን ለእኅታቸው ወደ ደሴ ደወልሁ። ሴትየዋ ስለ ወጪውም ስለ ሣጥኑም አልጠየቁኝም። «ስንት ሰው ቆመለት?» አሉኝ። ቆጥሬ ነበር፤ ዘጠኝ ነበርን።

ናኻማ በጃኑዋሪ 2000 ሲያርፉ ግንቡ ከፈረሰ አስር ዓመት አልፎት ነበር፤ የበርሊን አይሁድ ማኅበርም ተመልሶ አንድ ሆኗል። የተቀበሩት መከፋፈሉ በወለደው በሄር ጎዳናው መካነ መቃብር ነው። የታረቀ ማኅበር ብዙ ነገር መልሶ መግጠም ይችላል፤ የተለያየ መቃብርን ግን መግጠም አይቻልም፤ እዚያም እዚህም ያሉት ባሉበት ይቀራሉ። እኛ እስካሁን ለየብቻ የቀበርናቸው ጥቂት ስለሆኑ ገና ጊዜ አለን ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ውሕደት አይደለም። ሁለቱ ማኅበራት በየስማቸው፣ በየሰንደቃቸው፣ በየስብሰባቸው ይቀጥሉ፤ ይህ ደብዳቤ የፖለቲካውን ቋጠሮ ሊፈታ አልተጻፈም። የቀብር መዝገቡ ግን አንድ ይሁን፤ በየትኛውም በኩል መዋጮ የከፈለ ሰው ስሙ በዚያ ይኑር፤ የቀብር ገንዘቡም ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ፈራሚ ባሉበት በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። አባቶች ካህናትና ሼኾች ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ስልክ የሚያነሡ፣ ፍትሐት ወይም ሶላተል ጀናዛ ለማድረስ ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎችን ስም እንዲሰጡን፣ ዝርዝሩም በሁለቱም ማኅበር ቢሮ እንዲለጠፍ እጠይቃለሁ። ለቅሶ ቤት መሄድን በተመለከተ ደንብ መጻፍ የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ «እነዚያ ይመጣሉ» ብሎ ከለቅሶ መቅረት ነውር መሆኑን እናቶቻችን አስተምረውናል።

ከመከፈላችን በፊት የነበረው የድሮው መዝገብ እኔ ዘንድ ነው። ሰማያዊ ጀርባ ያለው ደብተር ነው፤ የሁላችሁም ስም፣ የገባችሁበት ቀንና የተጠሪ ዘመዳችሁ ስልክ በእጄ ጽሑፍ አለበት። ለማን እንደማስረክብ ስላላወቅሁ ለአንዳችሁም አልሰጠሁም። ሁለቱ ኮሚቴዎች በአንድ ጠረጴዛ የምትቀመጡበትን ቀንና ቦታ ብታሳውቁኝ ይዤው እመጣለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣

የቀድሞው እድር ጸሐፊ፣ በድሮው መዝገብ ተራ ቁጥር 87
በርሊን